አልአዛር ሰላም ብሎሻል

ኢቢዛ፣ ሰኞ መስከረም 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእታለም በለጥሽ፤

እንደምን አለሽልኝ? እኔ፣ ጌታ ይመስገን፣ በሰላም ገብቻለሁ። እግሬ ከማበጡ በቀር ምንም አልሆንኩም። «የእኔ የስደተኛ ወረቀት ከዚህ አገር አያስወጣኝም፤ በአንቺ ዓይን ልይበት። በስልክ እየቆራረጥሽ ሳይሆን እንደ ድሮው ደብዳቤ አድርገሽ ጻፊልኝ» ብለሽኛልና ሻንጣዬን ሳልፈታ ቁጭ ብያለሁ።

የዚህ ደሴት ከተማ ሁለት ነው፤ ላይኛውና ታችኛው። ላይኛው ኮረብታ ላይ ሆኖ ዙሪያውን በወፍራም የድንጋይ ግንብ ታጥሯል። ግንቡን የሠሩት ከአራት መቶ ዓመት በፊት ከባሕር የሚመጣ ጠላት ፈርተው ነው ይላሉ። መድፎቹ ዛሬም አፋቸውን ወደ ውኃው አዙረው ተቀምጠዋል። ታችኛው ወደቡ ነው፤ ምግብ ቤት፣ መጠጥ ቤት፣ ጭፈራ ቤት። ቀን ላይ ሁሉም ይተኛል። መንገዱ ሕመምተኛ ያለበት ቤት ይመስላል፤ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚሄደው። ፀሐይ ስትጠልቅ ከባሕሩ በኩል ድም ድም የሚል ነገር ይጀምራል። ዘፈኑ አይሰማም፤ የሚሰማው ድምድምታው ብቻ ነው፣ እሱም በጆሮ ሳይሆን በአልጋው እግር በኩል ነው የሚመጣው። የፈረንጆቹ በጋ እያለቀ ስለሆነ በየግድግዳው የተለጠፈው ማስታወቂያ ሁሉ አንድ ነው፦ የመዝጊያ ድግስ፣ የመዝጊያ ድግስ።

ምሕረቱን ሰላም በይልኝ። እሁድ ከአምልኮ ስንወጣ «እህት ዮአዳን፣ ሎጥም ከእንዲያ ያለ ከተማ የወጣው በመላእክት እጅ ተጎትቶ ነው» ያለኝን እዚህ ላሉ የስብሰባው ሰዎች ነግሬያቸው ሳቁ። እኔ የመጣሁት ለጭፈራ ሳይሆን ስለ መድኃኒት መመረዝ ለመስማት ነው ብዬ ብምልም የሚያምነኝ የለም መሰለኝ። ለነገሩ ጉባኤውን እዚህ ማድረጋቸው በምክንያት ነው። ጭፈራ ባለበት ክኒን የሚውጥ ወጣት አይጠፋም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ይህ ወንድማችን አልአዛር የት ገባ? ትናንት ኤርፖርት አድርሶኝ ሲለየኝ «ዳቬይተን ሱቄ ስገባ እጽፍልሻለሁ፤ ዲጄው ጋር ፎቶ ሳትነሺ እንዳትመጪ» ብሎ ነበር። የላክሁለትን አላነበበም። ለአንቺም ደውዬ አላነሳሽም።

እህትሽ ዮአዳን


ዱርንፎንቴን፣ ማክሰኞ መስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ ዮዲ፤

የጌታ ሰላም ይብዛልሽ። ደብዳቤሽ ደርሶኝ ደስ ብሎኛል። ደጋግመሽ ደውለሽ ስላላነሳሁ ይቅርታ አድርጊልኝ። ድምፄ ተዘግቷል። እሁድ ከመዘምራኑ ጋር ስጮህ ነው መሰለኝ፣ ክሊኒክ ያለችው ነርስ «ይህን ሳምንት አፍሽን አትክፈቺ» ብላኛለች። ስለዚህ በጽሑፍ ብቻ እንገናኝ። ጥለሽልኝ በሄድሽው አሮጌ ላፕቶፕ ነው የምጽፈው፤ ቶሎ ካልመለስኩ የእሱ ጥፋት ነው።

አልአዛርን ስለጠየቅሽኝ፦ ስልኩን ታክሲ ማዞሪያው አካባቢ ነጥቀውት ነው። አዲስ እስኪያወጣ ነው እንጂ ደህና ነው። ሰላም ብሎሻል።

እዚህ ያው ነው። ውኃ ከጠፋ ቆየ፤ ከታች ፎቅ እየቀዳን እናወጣለን። ጋሽ ሀቢሶ ሰሞኑን እኛ ጋ ነው የሚያድረው፤ እነሱ ሰፈር ውኃ የለም። የአንቺን ደብዳቤ አነበብኩለትና «መድፍ ይዘው የሚጨፍሩ ሰዎች ናቸው» ብሎ ሳቀ።

ስብሰባሽን ተከታተይ። በደንብ ብይ። ማታ ማታ ብቻሽን አትውጪ። እኛን አታስቢ።

እህትሽ በለጥሽ


ማክሰኞ መስከረም 20 (የማይላክ)

ዮዲ፤

ይህን አልልክልሽም። ለአንድ ሰው ካልነገርኩ ግን ደረቴ ይፈነዳል።

እሁድ አንቺን አድርሶ ሲመለስ ወደ ዳቬይተን መታጠፊያው ላይ ሁለት መኪና መንገድ ዘጉበት። ከኋላው የነበረ የዳቦ አከፋፋይ አይቷል። ሸቀጥ የሚጭንባት ባኪ ሞተሯ እየሠራ፣ በሯ ክፍት ሆኖ ተገኘች። ሲመሽ በእሱ ቁጥር ተደወለልኝ። «አልዬ» ብዬ አነሳሁ። የእሱ ድምፅ አልነበረም።

ፖሊስ ጣቢያ ሄደን ቃላችንን ሰጥተናል። ከዚያ ጋሽ ሀቢሶ መጣ። እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም ቤተ ክርስቲያን ሁሉ ወደ እሱ እንደሚሄድ ታውቂያለሽ፤ ከዚህ በፊትም እየተነጋገረ ሰው አስፈትቷል። ስልኬን ከእጄ ወሰደው። «ሕጉ አንድ ነው» አለ። «አንድ አፍ። የምናገረው እኔ ብቻ ነኝ፤ ሌላው ሁሉ ዝም።»

«ዮዲስ?» አልኩት።

«ለዮአዳን አይነገርም። ሰው አገር፣ ብቻዋን ሆቴል ውስጥ ላለች ልጅ ክፉ ወሬ ይነገራል? ብትወድቅ ማን ይይዛታል? ስትመጣ፣ ወገን በተሰበሰበበት ትሰማለች።»

«እሱ እኮ የመርዶ ሥርዓት ነው፣ ጋሽ ሀቢሶ። አልአዛር አልሞተም።»

«አልሞተም! ስለዚህ ስትመጣ እሱ ራሱ እየሳቀ ይነግራታል።»

እሺ አልኩ። ድምፄ አልተዘጋም። ድምፄን ከሰማሽ ግን በአንድ ቃል ታውቂብኛለሽ።


ኢቢዛ፣ ረቡዕ መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእታለም በለጥሽ፤

ጉሮሮሽ እንዴት ነው? ዝንጅብል በማር ትወስጃለሽ? ግን አንቺ ሴትዮ፣ ድምፅሽ ተዘግቶ ደብዳቤውን ለጋሽ ሀቢሶ እንዴት አነበብሽለት? ደግሞስ ውኃ ስለሌለ እኛ ጋ ያድራል ትይኛለሽ፤ እዚያው ደብዳቤ ላይ እኛም ጋ ውኃ የለም ብለሻል። ጋሽ ሀቢሶ ጀሪካን ለመሸከም ነው የመጣው? አልስቅም ብልም አስቀሽኛል።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ስብሰባ ስላልነበረን ላይኛውን ከተማ ዞርኩት። የሚገባው በአንድ ትልቅ በር ነው። በበሩ ግራና ቀኝ ሁለት የሮማውያን ሐውልቶች ቆመዋል፤ ልብሳቸው እጥፉ ሳይቀር ይታያል፣ ጭንቅላት ግን የላቸውም። ሰዉ ሁሉ አጠገባቸው ፎቶ ይነሳል። አንዲት ሴት ልጇን አቅፋ የራሷን ፊት በሐውልቱ አንገት ላይ አስተካክላ ስትነሳ አየሁና ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ጠላሁት። ከዚያ መንገዱ በጨለማ ዋሻ አልፎ ወደ ላይ ይጠማዘዛል። ነጭ ቤቶች፣ የደረቀ በለስ፣ አንድም የተከፈተ መስኮት የለም። ጫፉ ላይ ካቴድራሉ አለ። ከዚያ ሆኜ ባሕሩን ሳይ በአንቺ ዓይን ልየው ብዬ ብዙ ቆምኩ። ሰማያዊ ነው ብልሽ ውሸት ነው፤ ሲመሽ የቀለጠ እርሳስ ይመስላል።

ስወርድ ወደቡ ነቅቷል። ጭምብል ያጠለቁ፣ በረጅም እንጨት ላይ የቆሙ ሰዎች በጠባቡ መንገድ እየተሰለፉ የጭፈራ ቤት ካርድ ያድላሉ። አንዱ ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ «ዛሬ የመጨረሻው ነው» አለኝ። በየቀኑ የመጨረሻው ነው የሚሉት።

በዚያ ጫጫታ መካከል ስልኬ ጠራ። «አልዬ» ይላል፤ ፎቶውም ወጣ። ደስ ብሎኝ አነሳሁ። አንድ ወንድ «ሳውቦና ሲሲ» ብሎ በዙሉ ሰላም አለኝ። ከዚያ በእንግሊዝኛ «ወንድምሽ እኛ ጋ ነው» አለ። ሌላውን ሙዚቃው በላውና ዘጋሁት። ስልኩን የነጠቁት ሌቦች መሆናቸው ወዲያው ገባኝ። ባለፈው ዓመት የዲፓርትመንታችንን ጸሐፊ በልጇ ስም እንዲሁ አድርገዋት ነበር፤ ልጁ ግን ትምህርት ቤት ተቀምጦ ይማራል።

ቢሆንም እታለም፣ ከዚያ ወዲህ ልቤ አልተረጋጋም። አልአዛርን በዓይንሽ አይተሽዋል? ወይስ ሰው ነው የነገረሽ? ልምጣ ካልሽኝ የዕረፍት ቀኔን ትቼ እመጣለሁ።

ዮአዳን


ዱርንፎንቴን፣ ሐሙስ መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ ዮዲ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። አይ አንቺ፣ መምህርነትሽ እህትሽን እስከ መፈተን አደረሰሽ? ለጋሽ ሀቢሶ በሹክሹክታ ነው ያነበብኩለት። ጀሪካኑንም አዎ፣ እሱ ነው የሚያወጣልኝ፤ በእርጅናው ጌታ ይባርከው።

አልአዛርን በዓይኔ አይቼዋለሁ። ዛሬ ጠዋት መጥቶ ቁርስ በልቶ ነው የሄደው። ሻዩንም እንደ ልማዱ አቀዝቅዞ ጠጣ። ስለ ሌቦቹ ስነግረው «ተያቸው፣ ስልኩ አሮጌ ነው» ብሎ ሳቀ። አሁን አመንሽ?

ደግመው ከደወሉ አታንሺ። ቃልም አትመልሺላቸው። ዝም ብለሽ ተያቸው።

መምጣትን በተመለከተ ለምን ትመጫለሽ? ከስንት ዓመት በኋላ ያገኘሽው ዕረፍት ነው። ትኬትሽን ጠብቀሽ ነይ።

አንድ ነገር ብቻ። ያ ሰውዬ ያለሽን ሁሉ ቃል በቃል ጻፊልኝ። ድምፁ የትልቅ ሰው ነው የልጅ? ከጀርባው የሚሰማ ነገር ነበር? መኪና፣ ውሻ፣ የሰው ድምፅ? እንዲሁ ለማወቅ ያህል ነው።

በለጥሽ


ኢቢዛ፣ ዓርብ መስከረም 23 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእታለም በለጥሽ፤

እፎይ አሰኘሽኝ። ደብዳቤሽን ካነበብኩ ወዲህ ምግብ እንኳ ጣመኝ። ስለ ሰውዬው ጀርባ መጠየቅሽ ደግሞ ገረመኝ፤ መርማሪ ሆነሻል? እንግዲያው ሁሉንም ልንገርሽ፣ ትስቂያለሽ።

ትናንት ከስብሰባው ሰዎች ጋር ከከተማው ግንብ ውጭ ያለውን የመቃብር ኮረብታ ልናይ ሄደን ነበር። ክርስቶስ ከመወለዱ ከብዙ መቶ ዓመት በፊት ጀምሮ ሰው የተቀበረበት ነው። ከላይ ስታዪው የወይራ ዛፍ ያለበት ተራ ኮረብታ ነው፤ ውስጡ ግን እንደ ወንፊት ተበሳስቷል፣ መቃብር በመቃብር ላይ። አስጎብኚው «ያየነው ጥቂቶቹን ነው፤ አሁን የቆማችሁት በሰው ላይ ነው» አለን። መንገዱን ተሻግሮ የልብስ ማጠቢያ ቤት አለ፣ ሰው ፎጣ ይዞ ይገባል ይወጣል።

እዚያ ቆሜ ስልኬ ጠራ። አታንሺ ብለሽኝ ነበር፤ ግን አንቺ የጻፍሽልኝ ስለነበረ ልቤ ሞልቶ አነሳሁት።

«ሳውቦና ሲሲ። ዛሬ እንኳ ስሚኝ» አለ።

«ማን ልበል?»

«ባፈና በይኝ።» ድምፁ የጎልማሳ ነው፣ ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው።

«እሺ ባፈና፤ ወንድሜ እንዴት አደረ?»

«አልበላም። ሲስ፣ ሽማግሌው ነገር ያጓትታል፣ እኛም ሰልችቶናል። ወንድምሽ ‹እህቴ የተማረች ናት፣ ለእሷ ደውሉ› ይላል። ካንቺ ጋር ዛሬውኑ እንጨርሳለን።»

የትኛው ሽማግሌ እንደሆነ እንጃ። የሰለጠነ ውሸታም ነው። እኔም እንዲህ አልኩት፦ «ወንድሜ ዛሬ ጠዋት እህቴ ቤት ቁርሱን በልቶ፣ ሻዩን ጠጥቶ ሱቁ ሄዷል። አንተ ጋ ያለው ስልኩ ነው።»

ከዚያ «እርግጠኛ ነሽ?» አለኝ። እታለም፣ ተማሪዎቼ እንኳ እንዲህ በትሕትና ጠይቀውኝ አያውቁም።

«እርግጠኛ ነኝ» አልኩት። «አለኝ የምትለውን ሰው ከፈለግህ አስቀምጠው። እኛ አንፈልገውም።»

አጠገቡ ላለ ሰው በዙሉ አንድ ነገር ተናገረ። ጀርባውን ለጠየቅሽኝ፣ ያኔ ነው የሰማሁት፤ ዶሮ ይጮህ ነበር፣ የቆርቆሮ በርም ተዘጋ። ከዚያ «ታንኪው ሲሲ» ብሎኝ ዘጋ። እኔም ቁጥሩን አገድኩት። አልአዛር አዲስ ስልክ ሲያወጣ ይጻፍልኝ።

አብረውኝ የነበሩት አጨበጨቡልኝ። ማታ ሁላችንም ወደቡ ላይ ዓሣ በላን። ያ ድምድምታ ሲጀምር ለመጀመሪያ ጊዜ አልረበሸኝም።

ዮአዳን


ዱርንፎንቴን፣ ዓርብ መስከረም 23 ቀን 2018 ዓ.ም.

ዮዲ፤

ቁጭ በይና አንብቢ። አጠገብሽ ሰው ካለ ጥሪ።

ዋሽቼሻለሁ። አልአዛር ቁርስ አልበላም። ከእሁድ ወዲህ አላየሁትም። ኤርፖርት አድርሶሽ ሲመለስ ሰዎች ይዘውታል። የደወሉልሽ ሌቦች አይደሉም፤ እነሱ ናቸው። ሽማግሌው የሚሉት ጋሽ ሀቢሶን ነው። እኛ ጋ የሚያድረው ስልኬን ይዞ ከእነሱ ጋር ለመነጋገር ነው። ድምፄም ደህና ነው።

መጀመሪያ ያልነገርንሽ ብቻሽን ስለሆንሽ ነው። እንደ ወጉ፣ ክፉ ወሬ ሰው በሌለበት አይነገርም ብለን ነው። ረቡዕ ደወሉልኝ ብለሽ ስትጽፊ እንንገራት ብዬ ነበር። ጋሽ ሀቢሶ «ሁለት አፍ ካገኙ አንዱን ትተው በሌላው ይመጣሉ፤ ሌባ ነው በያት፣ እንዳታነሳላቸው» አለኝ። ጻፍኩ። ሻዩን የጨመርኩት ግን እኔ ነኝ። እንድታምኚኝ ብዬ ነው።

ከአንቺ ጋር ከተነጋገሩ ወዲህ ለጋሽ ሀቢሶ አልደወሉም። በፊት በየቀኑ ይደውሉ ነበር። ለምን ዝም እንዳሉ ግራ ገብቶን ስንጸልይ ነው ደብዳቤሽ የመጣው። ለቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። «እኛ አንፈልገውም» የሚለው ላይ ስደርስ ማንም ቀና ብሎ አላየኝም። ጋሽ ሀቢሶ መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና በእጁ ፊቱን ሸፈነ። ምሕረቱ «አንብቢው፣ ጨርሺው» አለኝ፣ ጨረስኩት።

እገዳውን አንሺ። ደውዪለት። እህቴ ዋሽታኝ ነበር በይው። ለምኚው። ወንድሜን እፈልገዋለሁ በይው። ዶሮውንና የቆርቆሮውን በር ለፖሊሶቹ ነግረናል፤ ዳቬይተን ግን ዶሮ የሌለበት ግቢ የለም።

እኔ ጋ አትደውዪ፤ ስልኬ ለእነሱ ክፍት መሆን አለበት። ጻፊልኝ፤ ከዚህ አልነሳም።

የተናገርሽው እኔ የሰጠሁሽን ቃል ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው።

በለጥሽ


ኢቢዛ፣ ቅዳሜ መስከረም 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

እታለም፤

ስልኩ ሌሊቱን ሲጠራ አደረ፣ አልተነሳም። ጽሑፍ ልኬያለሁ፤ በእንግሊዝኛም፣ በማውቃት ጥቂት ዙሉም። ድምፄንም ቀድቼ ላክሁ። እየለመንኩ ሳለ ከኋላዬ የሚጨፍሩት ይሰማሉ። ሌላ ጸጥ ያለ ቦታ ብፈልግ አጣሁ። ዛሬ እውነተኛው የመጨረሻ ቀን ነው፤ ደሴቱ በሙሉ ይንቀጠቀጣል። ከግንቡ በላይ ወጥቼ እዚያ ካቴድራሉ ደጅ ላይ ቆሜ እንኳ ከታች ይሰማ ነበር።

ረፋዱ ላይ አንድ ጊዜ ተነሳ። ባፈና አይደለም፤ ወጣት ነው።

«ባፈናን» አልኩት።

«የለም።»

«ወንድሜን አሰማኝ። አንድ ቃል ብቻ። እባክህ፣ ተሳስቼ ነው፣ አላወቅኩም ነበር።»

«የትኛውን ወንድምሽን?» አለኝ።

ስሙን ነገርኩት። አልአዛር አልኩት። ዳቬይተን ስፓዛ ሱቅ ያለው፣ ደንበኞቹ «ማይ ፍሬንድ» የሚሉት፣ አጭር፣ ግራ ክንዱ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ ያለው። ልጁ እስክጨርስ ሰማኝ። ከዚያ ስልኩን ዘጋው። አሁን ጭራሽ አይጠራም።

የዛሬ በረራ ሁሉ ሞልቷል፤ ለመዝጊያው የመጣው ሕዝብ እየወጣ ነው። ነገ ማታ ወደ ማድሪድ አገኘሁ፤ ከዚያ በአዲስ አበባ በኩል ማክሰኞ እገባለሁ።

አንቺን ለመቆጣት ጉልበት የለኝም። ጋሽ ሀቢሶንም አልቆጣም። እኔ ከወደቅኩ የሚይዘኝ ሰው እንዲኖር አስባችኋል፤ እሱን ማን ይይዘው ነበር? እኔን ነበር የጠራው። «የተማረች ናት፣ ለእሷ ደውሉ» ያለው እሱ ነው። ይህን በገዛ እጄ ጽፌ እየሳቅኩ ልኬልሻለሁ።

ከእንግዲህ አትዋሺኝ። የፈለገውን ያህል ክፉ ቢሆን፣ የትም ብሆን፣ ብቻዬን ብሆንም። ቃል ግቢልኝ።

ዮአዳን


ዱርንፎንቴን፣ እሁድ መስከረም 25 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ እህቴ ለዮአዳን፤

የጌታችን ሰላምና ጸጋ ከአንቺ ጋር ይሁን። ቃል ግቢልኝ ላልሽው እሺ ብያለሁ።

አልአዛር ዛሬ ጠዋት ተገኝቷል። ስሙ ይባረክ። ትንሽ ጉዳት ስላለበት ሆስፒታል አስገብተውታል። ለጊዜው ሰው እንዳያነጋግረው ሐኪሞቹ ከልክለዋል። ሰላም ብሎሻል።

ጋሽ ሀቢሶ ይቅርታ አድርጊልኝ ይልሻል። ማክሰኞ ኤርፖርት እንቀበልሻለን። ምሕረቱም ሱቁን ዘግቶ ከአሌክሳንድራ ይመጣል። ከመዘምራኑ ፊቤና ጓደኞቿ አሉ። ከዳቬይተን የሚመጡትም ታክሲ ተከራይተዋል።

አውሮፕላን ላይ የሚሰጡሽን ምግብ እንዳትመልሺ። እባክሽ፣ ትንሽም ቢሆን ቅመሺ። እንቅልፍ ከመጣልሽ ተኚ። ሌላ ነገር አታስቢ።

እህትሽ በለጥሽ


ማድሪድ ኤርፖርት፣ ሰኞ መስከረም 26 ቀን 2018 ዓ.ም.

እታለም፤

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ደጋግሜ አነበብኩት።

የትኛው ሆስፒታል እንደተኛ አልጻፍሽም። ጉዳቱ የት ላይ እንደሆነ አልጻፍሽም። የሚሰጡትን መድኃኒት የአንዱን ስም ብቻ ጻፊልኝ፤ ሥራዬ ነው፣ ከእሱ ተነስቼ ሌላውን እገምታለሁ። የአንድ መድኃኒት ስም።

ምሕረቱ የገዛ ልጁ ስትወለድ እንኳ በሥራ ቀን ሱቁን አልዘጋም። ማክሰኞ ዘግቶ የሚመጣው እኔን ሊቀበል ነው? እኔ ከአንድ ሳምንት መንገድ የምመለስ ሴት ነኝ። ሻንጣዬ ትንሽ ናት፣ ራሴ እጎትታታለሁ።

አጠገቤ ከደሴቱ የሚመለሱ ወጣቶች በየወንበሩ ተጋድመው ተኝተዋል፤ በእጃቸው ላይ የጭፈራ ቤቱ የወረቀት አምባር አልተፈታም። አንዷ ነቅታ «ደህና ነሽ?» አለችኝ። ደህና ነኝ አልኳት። ውኃ ሰጠችኝ።

እታለም፣ ብቻሽን ነይ። ሌሎቹን ሁሉ አመስግነሽ አስቀሪያቸው። ከበሩ ስወጣ አንቺን ብቻ ካየሁ፣ የጻፍሽልኝ እውነት ነው ብዬ አምናለሁ።

ዮአዳን


ዱርንፎንቴን፣ ሰኞ መስከረም 26 ቀን 2018 ዓ.ም.

ዮዲዬ፤

ብቻዬን መቆም አልችልም።

በለጥሽ